ከእኛ ቀድሞ የሚደርስ አሻራ

ድንበር ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን መተማ ነው። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ወደዚህ አገር የገቡት በዚያ በኩል ነው። በአንድ ወገን መተማ ዮሐንስ፣ በሌላው ወገን ጋላባት፣ መካከላቸው በክረምት ውኃ የሚወርድበት ጅረትና አጭር ድልድይ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር መሆኑን በታሪክ ክፍለ ጊዜ የተማርን ሁሉ እናውቃለን። እዚያ ድንበሩ በዓይን ይታያል፤ ወታደር አለ፣ ኬላ አለ፣ ማኅተም የሚመታበት ጽሕፈት ቤት አለ። ኬላውን ያለፈ ሰው ድንበሩን ከኋላው ጥሎት ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ስለ ሌላ ዓይነት ድንበር ነው። ይህኛው ሰውየውን ተከትሎት ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀድሞት ይደርሳል። የተሠራው ከጣት አሻራ፣ ከዓይን ብሌን ፎቶ፣ ከስልክ ቁጥርና ከሰማይ ቁልቁል ከሚያይ ካሜራ ነው።

ለሐጅ ዩሱፍ ሰው ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሱቅ ስታ አካባቢ ሻይና ቡና በሚሸጡ እናቶቻችን ዘንድ፣ በሪክሻ ውስጥ፣ ከጁምዓ ወይም ከቅዳሴ መልስ ሰዎች ቆመው ሲጨዋወቱ፣ ስለ ሊቢያና ስለ ጣሊያን ሲወራ «አሻራ» የምትለው ቃል ሳትነሳ አትቀርም። በየዓመቱ ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሁለቱ ሳይሰናበቱን «ወደ ላይ» እንደ ሄዱ የምንሰማው ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠራ ነው። በመንገዱ ላይ ስለሚጠብቃቸው በረሃ ብዙ ተነግሯል። ስለሚጠብቃቸው ማሽን ግን የሚነገረው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የደላላ ተረት ነው። «ጣትህን ካቃጠልከው አሻራህ ይጠፋል» ይላል አንዱ። «ስምህን ቀይር እንጂ ማንም አያውቅህም» ይላል ሌላው። እውነቱን ከተረቱ ለመለየት የምናውቀውን እንጻፍ ብለን ተነሣን። የሌሎች አገሮችን ነገር ስንጠቅስ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

አሻራ እንዴት ይሠራል?

በጣታችን ጫፍ ላይ ያሉት መስመሮች የተሠሩት በእናታችን ማኅፀን ሳለን ነው። ስናድግ ይሰፋሉ እንጂ ቅርጻቸው አይለወጥም። መንትያ ወንድማማቾች እንኳ አንድ ዓይነት አሻራ የላቸውም። ማሽኑ አሻራን እንደ እኛ ሥዕል ከሥዕል ጋር አስተያይቶ አይደለም የሚለየው። አንድ መስመር የሚያልቅበትን ወይም ለሁለት የሚከፈልበትን ነጥብ ይመርጥና የነጥቦቹን ቦታና አቅጣጫ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው ቁጥርን ከቁጥር ጋር ማመሳከር ብቻ ነው። ቁጥር ደግሞ ቪዛም ሻንጣም አያስፈልገውም። ሲሲሊ ጠረፍ ላይ የተመዘገበ አሻራ ስዊድን ውስጥ በደቂቃዎች ይገኛል።

አውሮፓውያን ይህን የሚያደርጉበት የመረጃ ቋት ዩሮዳክ ይባላል። ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 15 ቀን 2003 ነው። በ2022 በነበረው ሕግ ዕድሜው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ጥገኝነት ጠያቂ ሁሉ የዐሥር ጣቶቹን አሻራ ይሰጥ ነበር፤ መዝገቡም ለ10 ዓመት ይቀመጥ ነበር። ጥገኝነት ሳይጠይቅ ድንበር ሲያቋርጥ የተያዘ ሰው አሻራ ይቆይ የነበረው 18 ወር ነው። ዕድሜውን ከ14 ወደ 6 ዝቅ ለማድረግና የፊት ምስልንም ለመጨመር የቀረበው ሐሳብ ከ2016 ጀምሮ ሲያከራክር ቆይቶ በ2024 ጸድቋል።

ዩሮዳክ ብቻውን ማንንም አያስርም፣ ማንንም አይመልስም። በ2022 ኃይል ያገኝ የነበረው የዱብሊን ደንብ ከሚባለው ሕግ ነው። ደንቡ ባጭሩ የአንድ ሰው የጥገኝነት ጥያቄ በአንድ አገር ብቻ ይታይ ይል ነበር፤ በአብዛኛው ያ አገር ሰውየው መጀመሪያ የገባበትና አሻራ የሰጠበት ይሆን ነበር። አንድ ወጣት እህቱ ጀርመን አገር አለች እንበል። ከካርቱም ተነሥቶ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ላምፔዱሳ ደረሰ፤ እዚያ አሻራ ሰጠ። ከዚያ እንደ ምንም ብሎ እህቱ ዘንድ ገባ። የጀርመን ባለሥልጣን ጣቱን ማሽኑ ላይ ሲያስቀምጠው ጣሊያን ትወጣለች። እህት፣ ቋንቋ፣ የሚያሠራ ዘመድ አልተቆጠረም። ለአዋቂ ሰው ደንቡ ቤተሰብ ይል የነበረው በዋናነት የትዳር ጓደኛንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ነው። ወጣቱ ከ18 ዓመት በታች ቢሆን ግን እህቱ ትቆጠርለት ነበር። ይህችን የዕድሜ ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

በስደት ላይ ያሉ ወገኖቻችን «ዱብሊን አለብኝ» የሚሉት ይህን ነው፤ እንደ በሽታ ነው የሚናገሩት። በፈረንሳይዋ የካሌ ወደብ አካባቢ አሻራቸውን ለማጥፋት ጣታቸውን በጋለ ብረት ያቃጠሉ ስደተኞች ነበሩ። ቆዳው ሲድን ግን መስመሮቹ እንደ ነበሩ ተመልሰው ይወጣሉ። ቁስሉ በጣም ጠልቆ ጠባሳ ከተወም ጠባሳው ራሱ መለያ ይሆናል። ስለዚህ የደላላው ምክር ውሸት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ጣሊያን ከ2015 በኋላ ሁሉንም እንድትመዘግብ ግፊት ሲበዛባት፣ አንዳንድ ስደተኞች አሻራ እንዲሰጡ እንደ ተደበደቡ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ዘግቧል። በአንድ ወገን የገዛ ጣቱን የሚያቃጥል ሰው፣ በሌላው ወገን ያንኑ ጣት በግድ ማሽን ላይ የሚጭን ፖሊስ። ከዚህ በላይ የነገሩን ክብደት የሚያሳይ ምስል አላገኘንም።

አሻራ የሚጠቅምበት ጊዜ

አሻራ ሁሉ ክፉ ነው ብንል ግን እውነቱን አንናገርም። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን በገቡት ወደ 60,000 በሚጠጉ ወገኖች ላይ የሆነውን እናስብ። ሐምዳይት ላይ ተከዜን ተሻግረው ሲገቡ ብዙዎቹ አንዲት ወረቀት አልያዙም። በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሰፈሮች የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መዝግቦ የያዘው ስማቸውን፣ አሻራቸውንና የዓይን ብሌናቸውን ነው። መታወቂያ ወረቀት ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ በአፈሳ ጊዜ ከእጅ ይነጠቃል። ጣት አይነጠቅም። በሌላ ሰው ራሽን ላይ ማንም አይቆምበትም፤ ካርዱ የጠፋበት ሰውም እንደገና «ማን ነህ?» ሲባል መልስ አለው። እዚሁ ከተማ ውስጥ ኢቃማ ሳይኖረው በከሻ የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለምናውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄው መዝገቡ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጁን 2021 ባወጣው ዘገባ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ የተጠለሉ ከ800,000 በላይ የሮሂንጋ ስደተኞች ዝርዝር ለማያንማር፣ ማለት ለሸሹት መንግሥት፣ መተላለፉን አሳውቋል። ከተጠየቁት ስደተኞች አብዛኞቹ ለዚህ እንደ ፈቀዱ አያውቁም ነበር። የስደተኞች ኮሚሽኑ በበኩሉ ዓላማውን አስረድቻለሁ፣ ፈቃድም ወስጃለሁ ብሏል። ማን ልክ እንደ ሆነ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ለእርዳታ የሰጡት አሻራ ለሌላ ጉዳይ ሊውል እንደሚችል ግን ከዚህ ይታያል፤ በሰልፍ ለሰዓታት የቆመ፣ ልጁ የራበው አባት «አልፈቅድም» የሚል ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል ብሎ መጠበቅም የዋህነት ይመስለናል።

ካርቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ

የከተማችን ስም በአውሮፓ የስደት ፖሊሲ ውስጥ በትልቁ ተጽፏል። በኦክቶበር 2014 ስለ ሰው ዝውውር እዚህ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ የተጀመረው ንግግር በኖቬምበር 28 ቀን 2014 ሮም ላይ ሲጸድቅ «የካርቱም ሂደት» ተባለ። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮችንና ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ ኤርትራን ጨምሮ የአካባቢያችንን አገሮች ያሰባሰበ መድረክ ነው። በዓመቱ ኖቬምበር 2015 ማልታ ላይ ለአፍሪካ የአደጋ ጊዜ ፈንድ ተቋቋመ፤ ከዚያም ለምሥራቅ አፍሪካ የስደት አስተዳደር የ46 ሚሊዮን ዩሮ ፕሮጀክት ወጣ። በ2016 የጀርመን መገናኛ ብዙኃን ካሜራ፣ ስካነርና የኮምፒዩተር ሰርቨር ለሱዳን የድንበር ምዝገባ እንደ ታሰበ የሚገልጽ ሰነድ አግኝተው ጻፉ። ኅብረቱ ለሱዳን መንግሥት በቀጥታ የሚሰጥ ገንዘብ የለም ሲል መለሰ። ካርቱም ውስጥም የአካባቢው አገሮች ፖሊሶች ስለ ሰው አዘዋዋሪዎች መረጃ የሚለዋወጡበት፣ ሲቪፖል በተባለ የፈረንሳይ ድርጅት የሚመራ ማዕከል በ5 ሚሊዮን ዩሮ ተከፈተ፤ በ2019 አጋማሽ አገሪቱ ስትናወጥ ሥራው ተቋርጦ ሠራተኞቹ ወደ ናይሮቢ ሄዱ።

አዘዋዋሪን መያዝ የሚጠላ የለም። ከእኛ መካከል ቤዛ ክፈሉ ተብሎ በስልክ የልጁን ጩኸት የሰማ ቤተሰብ አለ። ነገር ግን በስልክ ጠለፋና በኮምፒዩተር የተሰበሰበ መረጃ በሰው ላይ ሲውል ምን ሊሆን እንደሚችል የታየው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

በሜይ 24 ቀን 2016 አንድ ኤርትራዊ ወጣት ካርቱም ውስጥ ተያዘ። የጣሊያንና የእንግሊዝ መርማሪዎች «ጄኔራሉ» እየተባለ የሚጠራ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በሊቢያ በኩል ያሻገረ አዘዋዋሪ ሲያሳድዱ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያ ስማቸው አንድ ነው። ከተጠለፉ ስልኮችና ከፌስቡክ የተገኙ ፍንጮች ተገጣጥመው ወጣቱ ዘንድ አደረሱ። ጁን ላይ በአውሮፕላን ወደ ሮም ተወሰደ፤ ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ሲዞር ሁለቱን የሚያውቁ ሰዎች ወዲያው «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ። አስቡት፤ ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ያወቀውን ነገር ፍርድ ቤት ለመቀበል 3 ዓመት ፈጀበት። እናቱ ከኤርትራ ድረስ ሄደው የዲኤንኤ ምርመራ ሰጥተዋል። በጁላይ 2019 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የተያዘው ሌላ ሰው መሆኑን አምኖ ለቀቀው። ያን ሁሉ ጊዜ በእስር ነበር።

ይህን ጉዳይ በረዥሙ ያነሣነው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ማሽኑ ስልኩን በትክክል ጠልፏል፤ ፌስቡኩም የራሱ የወጣቱ ነበር። የተሳሳተው ከእነዚህ ቁርጥራጮች ተነሥቶ «ይህ ሰው እገሌ ነው» ያለው ፍርድ ነው። ስሕተቱን የማስተካከል ሸክም የወደቀው ደግሞ ምንም አቅም በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ከመርማሪዎቹ አንድም ቀን እስር ቤት ያደረ የለም።

አጥሩ መንገዱን ሲያዞር

ከ2012 በፊት ከሱዳን የሚነሱ ብዙ ስደተኞች የሚሄዱት ወደ ሊቢያ ሳይሆን በሲና በረሃ በኩል ወደ እስራኤል ነበር። ያ መንገድ ስንቱን እንደ በላ፣ ሲና ውስጥ ስንቱ ታግቶ ቤዛ እንደ ተጠየቀበት ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። እስራኤል በግብፅ ድንበር ላይ ካሜራና ራዳር ያለው ወደ 240 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አጥር ሠራች፤ ገብቶ የተያዘን ለረዥም ጊዜ የሚያሳስር ሕግም አወጣች። በ2011 ወደ 17,000 የሚጠጉ ሰዎች ገብተው ነበር፤ በ2012 ወደ 10,000 ወረደ፤ በ2013 ጥቂት ዐሥርታት ብቻ ሆኑ። አጥሩን ለሠሩት ይህ ድል ነው። ስደቱ ግን አልቆመም፤ ከካርቱም ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሊቢያ ዞረ። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ በአንድ ጀልባ አለቁ። ሁሉም በሲና አጥር ምክንያት በዚያ መንገድ ሄዱ ማለታችን አይደለም። አንድ በር ሲዘጋ ሰው የሚሄደው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደሚቀጥለው፣ ብዙ ጊዜም ወደባሰው በር እንደ ሆነ ግን ከዚያ ዘመን የተረፉ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ባሕሩ ላይ የሆነው ደግሞ ለማስረዳት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሜይ 2009 የጣሊያን መርከቦች ከሊቢያ የተነሱ ስደተኞችን ከላምፔዱሳ 35 የባሕር ማይል ላይ አግኝተው ወደ ትሪፖሊ መለሷቸው። ከተመለሱት መካከል 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ከሰሱ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 ፈረደላቸው፤ ሰውን ማሠቃየት ወዳለበት አገር መመለስም፣ የእያንዳንዱን ጉዳይ ሳይሰሙ በጅምላ ማባረርም ሕገ ወጥ ነው አለ። ፍርዱ የቆመበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሰዎቹ የጣሊያን መርከብ ላይ ስለ ነበሩ ኃላፊነቱ የጣሊያን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንመልከት። ኦፕሬሽን ሶፊያ የተባለው የአውሮፓ የባሕር ኃይል ዘመቻ (ስሙን ያገኘው በ2015 ከመርከቦቹ በአንዱ ላይ ከሶማሊያዊት እናት ከተወለደች ሕፃን ነው) በማርች 2019 መጨረሻ መርከቦቹን አስወጥቶ በአውሮፕላን ቅኝት ብቻ ቀጠለ። ከሜይ 2021 ጀምሮ የአውሮፓ የድንበር ጥበቃ ድርጅት ፍሮንቴክስ ከማልታ የሚነሳ ሰው አልባ አውሮፕላን ያሰማራል። መርከብ የሰመጠን ሰው ካየ በባሕር ሕግ የማንሳት ግዴታ አለበት፤ ያነሳው ሰውም በፍርድ ቤቱ ውሳኔ መሠረት መብት ይዞ ይወጣል። ድሮን ግን ያያል እንጂ አያነሳም። ያየውን ሲናገር የሊቢያ የጠረፍ ጠባቂዎች ይመጡና ሰዎቹን ወደ ሊቢያ እስር ቤቶች ይመልሷቸዋል። በ2021 ብቻ ከ32,000 በላይ ሰዎች እንዲህ ተመልሰዋል። ጀልባቸው ሊሰጥም ሲል ከሰማይ በመታየታቸው የተረፉም መኖራቸውን መካድ አይገባም። ነገር ግን በ2012 በሕግ የተዘጋው በር በቴክኖሎጂ በኩል ዞሮ ተከፈተ ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ስልክና አነጋገር

ስልክ ለስደተኛ ካርታው፣ ባንኩና እናቱን የሚያገኝበት መስመር ነው። ለባለሥልጣን ደግሞ የተጓዘበት መንገድ ማኅደር ነው። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ ፓስፖርት የሌለው ጥገኝነት ጠያቂ ስልኩ እንዲመረመር ፈቅዳለች፤ በጁን 2021 የበርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት ገና ከመጀመሪያው፣ ሌላ መንገድ ሳይሞከር የስልክን መረጃ መውሰድ አይገባም ሲል ለአንዲት አፍጋናዊት ፈረደላት። እንግሊዝ አገር በጀልባ የገቡትን ሁሉ እየፈተሹ ስልካቸውን መውሰድ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ የተወሰነው በማርች 2022 ነው። ፍርድ ቤት ደጋግሞ «ይህስ በዛ» እያለ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ስልኩ የተወሰደበት ሰው ግን ፍርዱን የሚሰማው መረጃው ከተቀዳ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የእኛን ልጆች የሚመለከት የመሰለን ሌላው ነው። ይኸው የጀርመን የስደት መሥሪያ ቤት ከ2017 ጀምሮ ሰውየው ለጥቂት ደቂቃ ሲናገር ሰምቶ የአረብኛው ዘዬ የየት አገር እንደ ሆነ የሚገምት ሶፍትዌር ይጠቀማል። ሐጅ ዩሱፍ ተወልዶ ያደገ ተማሪያችን እንዲህ ባለ ማሽን ፊት ቢቀመጥ ምን ይባላል? ከሰፈር ልጅ ጋር ሲጫወት አረብኛው ካርቱም ነው፤ እቤት ሲገባ አማርኛው የእናቱ፣ ጎንደር ወይም ወሎ ነው፤ ሲቆጣ ሁለቱን ይቀላቅላል። ሕይወቱ ሁለት አገር ነው። ማሽኑ ግን የሚፈልገው አንድ መልስ ነው።

ስምና የልደት ቀን

አሁን ወደያዝናት የዕድሜ ነገር እንመለስ። መረጃ ከሰው ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ የተጻፈው ነገር ትክክል መሆኑ ከምንም በላይ ይጠቅማል። የእኛ ስምና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ለፈረንጅ ቅጽ የተመቹ አይደሉም።

በመስከረም 1 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2006 ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ 15 ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ጸሐፊ «1999» የሚለውን እንዳለ ወደ አውሮፓ ቅጽ ቢገለብጠው ልጁ በአንድ ጊዜ የ22 ዓመት ጎልማሳ ይሆን ነበር። ከላይ የጠቀስናት የጀርመኗ እህት አትቆጠርለትም፤ ሞግዚት አይመደብለትም፤ ትምህርት ቤት ሳይሆን የአዋቂ መጠለያ ይገባል። በኋላ እውነተኛውን ቀን ሲናገር ደግሞ «በመጀመሪያ ያልከው ሌላ ነበር» ተብሎ እንደ ዋሾ ይታያል። ቀኑ ጨርሶ ያልታወቀለት ሰውማ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል፤ በስደተኛ መዝገብ ውስጥ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ብዛት አስገራሚ ነው።

ስሙም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። እናት የባሏን ስም አትወስድም። በአውሮፓ ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ የእናቲቱ አባት ወይም አያት ይጻፋል፣ የልጁ ላይ የልጁ አባት ወይም አያት፤ እናትና ልጅ በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። አረብኛው ላይ ደግሞ «ጫ»ም «ጰ»ም የለም። ጫልቱ «ሻልቱ» ትሆናለች፤ ጸጋዬ ሦስት ጽሕፈት ቤት ቢሄድ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይመለሳል።

በዚህ ላይ ደላላ አለ። ወደ ሳዑዲ ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ዕድሜያቸው ተጨምሮ፣ ስማቸው ተለውጦ ፓስፖርት ይወጣላቸው እንደ ነበር ብዙ ቤተሰብ ያውቃል። በወረቀት ዘመን የውሸት ስም ከወረቀቱ ጋር ይቀደድ ነበር። ዛሬ የተዋሱት ስም ከጣት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል በሌላ ስም ልመለስ ያለ ሰው አሻራው ቀድሞት እንደሚጠብቀው ሊያውቅ ይገባዋል። «ስምህን ቀይር እንጂ ማንም አያውቅህም» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ያበቃል።

ወላጆች እንዲያውቁልን የምንፈልገው መብትም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሰው ከማናቸውም አገር፣ ከገዛ አገሩም ጭምር፣ የመውጣት መብት አለው ይላል። አዲስ አበባ ላይ በሴፕቴምበር 1969 የተፈረመው የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነትም ሰውን ሕይወቱ ወደሚያሰጋው አገር መመለስን ይከለክላል። አሻራን በሚመለከት ደግሞ የዩሮዳክ ሕግ ራሱ፣ ሰውየው አሻራው ለምን እንደሚወሰድ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ የተመዘገበውን የማየትና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት እንዲኖረው ያዛል። የስደተኞች ኮሚሽንም ተመዝጋቢ መረጃው ለማን እንደሚሰጥ የመጠየቅና የተመዘገበበትን የማስታረም መብት አለው ይላል። ጠያቂ ከሌለ ግን ማንም ቀድሞ አይነግርም። አስተርጓሚ ከሌለ መጠየቅ፣ የተጻፈው ተነብቦ እስኪሰማ ድረስ አለመፈረም፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ማረጋገጥ፤ እነዚህ እዚሁ ኢቃማ ስናወጣም የሚያገለግሉ ናቸው።

በዚህ መጽሔት የተመራቂዎች ገጽ ላይ ዘንድሮ ስምና ፎቶ ብቻ አለ። የልደት ቀን፣ የስልክ ቁጥርና የሰፈር አድራሻ አላወጣንም። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ግን የእያንዳንዱ ተማሪ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ስሙም በአማርኛ፣ በአረብኛና በላቲን ፊደል ቢሰፍር ለሁላችንም ይበጃል። ስለዚህ ወላጆች በመስከረም ለምዝገባ ሲመጡ የልጃቸውን የልደት ወይም የጥምቀት የምስክር ወረቀት፣ ከሌለም የክትባት ካርዱን፣ ፓስፖርት ካለም ፓስፖርቱን ይዘው ቢመጡ፣ ስሙ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከመዝገብ ቤቱ ጋር አብረው ማየት ይችላሉ።